የፖለቲካ ሳይንስ በምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች፦ ምን ያስተምራል? ለምንስ ይፈለጋል?

«ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ» የሚለው አባባል በኢትዮጵያ ዛሬም ይሠራበታል። የፖለቲካ ሳይንስ ለመማር የሚመዘገብ ወጣትም ከቤተሰቡ አስቀድሞ የሚሰማው ይኸንኑ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ የትምህርት ክፍሉ ዓላማ ፖለቲከኛ ማፍራት አይደለም። ሥልጣን እንዴት እንደሚገኝ፣ በማን እጅ እንደሚቆይና በምን እንደሚገደብ መመርመር ነው።

በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ተማሪው ከፕሌቶና ከአርስቶትል የሚነሣውን የፖለቲካ ፍልስፍና፣ የአገራትን ሥርዓተ መንግሥት የሚያስተያየውን ንጽጽራዊ ፖለቲካ፣ ዓለም አቀፍ ግንኙነትንና የሕዝብ አስተዳደርን ይማራል። የምርምር ዘዴና ስታቲስቲክስም አሉ፤ ከቁጥር ለመሸሽ ብሎ ማኅበራዊ ሳይንስን የመረጠ ተማሪ እዚህ ላይ መደንገጡ አይቀርም። በዩጋንዳና በታንዛኒያ ትምህርቱ በአብዛኛው ሦስት ዓመት ይፈጃል። በኢትዮጵያ ግን የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርቶች የሚሰጡበት በመሆኑ አራት ዓመት ይወስዳል። ከእ.አ.አ 2023 ጀምሮ ደግሞ ለመመረቅ አገር አቀፉን የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆኗል።

ትምህርቱ በአካባቢው የነበረውን ክብደት ለመረዳት ከዳሬሰላም የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከተማዋ የደቡባዊ አፍሪካ የነፃነት ንቅናቄዎች መናኸሪያ ነበረች። በዩኒቨርሲቲው የጉያናው ተወላጅ ዎልተር ሮድኒ ታሪክ ያስተምር ነበር። ዮዌሪ ሙሴቬኒ ፖለቲካ ሳይንስና ኢኮኖሚክስ አጥንተው በ1970 የተመረቁት ከዚያው ነው፤ የአብዮታዊ ተማሪዎች ማኅበርም መርተዋል። የመመረቂያ ጽሑፋቸው የፍራንትዝ ፋኖንን የዓመፅ ንድፈ ሐሳብ በሞዛምቢክ የትጥቅ ትግል አንጻር የፈተሸ ነበር። ኋላ የሱዳን ሕዝቦች ነፃነት ንቅናቄን የመሠረቱት ጆን ጋራንግም በዚያው ዘመን በዳሬሰላም አልፈዋል።

በካምፓላው ማኬሬሬ ደግሞ የፖለቲካ ሳይንስ ክፍሉን ኬንያዊው አሊ ማዝሩይ ይመሩት ነበር። ማዝሩይ ለዳሬሰላም ግራ ዘመሞች ብዙም አይመቹም። በ1970 ከሮድኒ ጋር በማኬሬሬ ያደረጉት ክርክር እስከ ዛሬ ይወሳል። ኢዲ አሚን ሥልጣን ከያዙ በኋላ ግን እንዲህ ያለው ሙግት ቦታ አጣ፤ ማዝሩይም አገሪቱን ለቀው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ የመጡ መንግሥታት ትምህርቱን ባይዘጉትም ከተፈጥሮ ሳይንስና ከቴክኖሎጂ በታች አድርገውታል። ኢትዮጵያ በ2008 ባወጣችው የ70/30 መርሕ ከመቶ 70ው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደብ፣ ለማኅበራዊ ሳይንስ 30ው ብቻ እንዲቀር ወስና ነበር። በዩጋንዳ የሳይንስ መምህራን ደመወዝ ተለይቶ መጨመሩ በ2022 የሥነ ጥበባት መምህራንን ለሥራ ማቆም አድማ አነሣሥቷል። ፕሬዝዳንቱ ራሳቸው የፖለቲካ ሳይንስ ምሩቅ መሆናቸው ልብ ይሏል። ፋብሪካና መንገድ መሐንዲስ ይፈልጋል የሚለው መከራከሪያ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ነገር ግን የምርጫ ውዝግብ፣ የድንበርና የፌዴራል አወቃቀር ጥያቄ በማይለየው አካባቢ እነዚህን ጉዳዮች በዘዴ የሚያጠና ሰው ትርፍ ነው ማለት ይከብዳል።

የሥራው ነገር ግን ቀላል አይደለም። ሐኪም ወይም የሒሳብ ባለሙያ እንዳለው የተለየ የሙያ በር የለውም። ተመራቂው በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በዲፕሎማሲ፣ በመገናኛ ብዙኃን ወይም በረድኤት ድርጅት ቦታ ለማግኘት ከሕግ፣ ከጋዜጠኝነትና ከአስተዳደር ምሩቃን ጋር ይወዳደራል። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት፣ ጂቡቲ የኢጋድ መቀመጫ መሆናቸው ዕድሉን ያሰፋዋል፤ እዚያ ለመግባት ግን በእንግሊዝኛ ላይ ፈረንሳይኛ ወይም ዓረብኛ መጨመር ይጠቅማል። በኢትዮጵያ ብዙ ተማሪዎች ወደ ክፍሉ የሚገቡት በምርጫቸው ሳይሆን በውጤት ምደባ መሆኑም ሌላ ፈተና ነው። ለመመረቂያ ጽሑፉ መስክ ወርዶ ሰዎችን የሚያነጋግር ተማሪ ርእሱን ከአማካሪው ጋር አስቀድሞ ቢመክርበት፣ ከትምህርት ክፍሉም የድጋፍ ደብዳቤ ቢይዝ ይበጀዋል።