የከባቢ ግፊት፦ ከደም ግፊት የተለየ ግፊት

«ግፊት» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የደም ግፊትን ነው፤ «ግፊት አለበት» ካሉ ደሙ ከፍ ብሏል ማለት ነው። በእንግሊዝኛ አምቢየንት ፕረዠር የሚባለው ግን ሌላ ነው፦ ሰውነትን ዙሪያውን የከበበው አየር ወይም ውሃ የሚያሳርፈው ጫና። «የከባቢ ግፊት» ቢባል ይስማማል። «የአየር ግፊት» አይበቃም ወይ ለሚል፣ ጠላቂን የሚጫነው አየር ብቻ አይደለም፤ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት ውሃው በባሕር ጠለል ላይ ያለውን የአየር ጫና ያህል ይጨምርበታል።

ሁለቱም ግፊት ስለተባሉ የውጩ ሲጨምር የደሙም በዚያው ልክ የሚጨምር ይመስላል። ነገሩን ለመመርመር ቆላ ላይ ያለችው የዋጃ ከተማ የተመቸች ቦታ ናት። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ኮረም ተነሥቶ በግራካሕሱ ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ አላማጣ፣ ከዚያም ዋጃ የሚወርድ መንገደኛ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ የከባቢው ግፊትም 80 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ይጨምርበታል። ይህ በደሙ ላይ ቢደመር ኖሮ ኮረም 120 የነበረው ሰው ዋጃ ሲደርስ 200 በሆነ ነበር። አይሆንም፤ ጫናው ቆዳን፣ ሥጋን፣ ልብንና ደም ሥርን እኩል ስለሚያገኛቸው አንዱ ሌላውን አይጨምቅም። መለኪያውም ምስክር ነው፦ ክንድ ላይ ተጠምጥሞ ገና ሳይነፋ መርፌው ዜሮ ላይ ነው፤ በዙሪያው ያለው የዋጃ አየር ግን ከ600 በላይ ይጫናል። 120 የምንለው ከከባቢው በላይ ያለውን ትርፍ ብቻ ነው።

ታዲያ ቆላ ሲወረድ ልብ ለምን በፍጥነት ይመታል? ከሙቀቱ የተነሣ ነው፤ ሰውነት ለመቀዝቀዝ ደሙን ወደ ቆዳ ሲልክ ደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ልብም ይፈጥናል። የከባቢ ግፊት መጨመር ለብቻው ቢሆን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ስለሚበዛ የልብ ሩጫ ይረግባል።

ከባቢው ልብን ጨርሶ አይነካም ማለት ግን አይደለም። መንገዱ በኦክስጅን በኩል ነው። በሕክምና ሃይፐርባሪክ ክፍል፣ ማለትም ልዕለ ግፊት ክፍል ውስጥ፣ ታማሚው ከባሕር ጠለል ግፊት 2 ወይም 3 እጥፍ በሆነ ጫና ንጹሕ ኦክስጅን ይተነፍሳል። ያን ጊዜ ደም ሥሮቹ ይጠባሉ፣ የልብ ምቱ ይዘገያል፣ ልብ የሚረጨውም ደም ይቀንሳል። ሕዋሳት ግን አይራቡም፤ ኦክስጅኑ በቀይ የደም ሕዋስ ከመጫኑ በተጨማሪ በራሱ በደሙ ውሃ ውስጥም በብዛት ይሟሟል። የሆላንዱ ቀዶ ሐኪም ቡሬማ በ1960 እ.ኤ.አ. ይህን በአሳማዎች አሳይቷል፤ ቀይ የደም ሕዋሳቸው ተሟጥጦ ሊያልቅ ሲል እንኳ በ3 እጥፍ ግፊት በሕይወት ቆይተዋል። ለጤነኛ ልብ ይህ ሁሉ ቀላል ነው። የደከመ ልብ ግን በጠበቡት ሥሮች ላይ መግፋት ሲያቅተው ሳንባ ውኃ ሊቋጥር ይችላል፤ ሐኪሞች የልብ ድካም ያለበትን ሰው ወደ ክፍሉ ከማስገባታቸው በፊት አጥብቀው የሚመረምሩት ለዚህ ነው።