ትሯ የሌለችበት ሻምፓኝ

በ1911 የጸደይ ወራት በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ባር-ሱር-ኦብ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የወይን ገበሬዎች ቀይ ባንዲራ ይዘው አደባባይ ወጡ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የግብር ወረቀታቸውን ክምር አድርገው አቃጠሉት። የየመንደሩ ምክር ቤት አባላትም ሥራችንን በቃን ብለው ለቀቁ። የተነሡት ለስም ነበር። በ1908 መጨረሻ መንግሥት ባወጣው ድንጋጌ «ሻምፓኝ» ተብሎ የሚሸጠው ወይን ከማርን አውራጃና ከኤን አውራጃ ጥቂት ቦታዎች ብቻ እንዲመጣ ተወስኖ፣ የእነሱ አውራጃ ኦብ ከመስመሩ ውጭ ቀርቶ ነበር። የኦብ ዋና ከተማ ደግሞ ትሯ ናት፤ የሻምፓኝ ገዦች ለብዙ ዘመን የተቀመጡባት፣ የሻምፓኝን ስም ከጣሊያን እስከ ፍላንደርስ ያሰሙት ገበያዎች የቆሙባት ከተማ። የሻምፓኝ መናገሻ የነበረች ከተማ ሻምፓኝ አይደለሽም ተባለች።

ስሙ ከላቲኑ «ካምፓኒያ» የወረደ ነው፤ ትርጉሙም ለጥ ያለ ሜዳ፣ ገላጣ አገር ማለት ነው። ሥሩ «ካምፑስ» ነው፤ እኛ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተን «ካምፓስ» ስንል የምንጠራው ያንኑ ቃል ነው። በኔፕልስ ዙሪያ ያለው የጣሊያን ክፍለ ሀገር ካምፓኒያም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው የሚሉ አሉ። በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ ስሙ የተሰጠው በራንስና በትሯ መካከል ለተዘረጋው ነጭ አፈር ሜዳ ነው። የቱሩ ጎርጎርዮስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው የፍራንኮች ታሪክ ውስጥ የሻምፓኝ መስፍን ሉፑስ የሚባል ሰው ይነሣል፤ ስሙ ያን ያህል የቆየ ነው። መሬቱ እንደ ጠመኔ የሚፈረፈር፣ ውኃ የማይዝ፣ እህል የማያጠግብ ስለነበረ ኋላ ላይ አንዱን ክፍል «ቅማላሙ ሻምፓኝ» እስከማለት ደርሰዋል። ወይኑ የሚበቅለው በሜዳው ላይ ሳይሆን ሜዳውን ከብበው በተነሡት ተረተሮች ላይ ነው። ስሙ እንግዲህ ወይን ለማይበቅልበት ክፍል የወጣ ስም ነው።

ይህን የሜዳ ስም ታላቅ ያደረገው ንግድ ነው። በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን ኮንት ተብለው የሚጠሩት የሻምፓኝ ገዦች፣ በተለይም ከ1152 እስከ 1181 የገዛው «ቸሩ» የተባለው ቀዳማዊ ሄንሪ፣ በአራት ከተሞች ስድስት ታላላቅ ገበያዎችን አደራጁ። ዓመቱ በላኚ ይጀምራል፤ በዐቢይ ጾም ገበያው ወደ ባር-ሱር-ኦብ ይዞራል፤ በግንቦት ፕሮቫን ላይ ይቆማል፤ በበጋ ትሯ ላይ «የሙቀት ገበያ» ይሆናል፤ በመስከረም እንደገና ወደ ፕሮቫን ይመለሳል፤ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ትሯ ላይ «የብርድ ገበያ» ተብሎ ይዘጋል። እንደ እኛ አገር ገበያ ጠዋት ቆሞ ማታ የሚበተን አልነበረም። እያንዳንዱ ስድስት ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ስለሚከፈት ሲራራ ነጋዴው ዓመቱን ሙሉ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሊነግድ ይችላል። ከፍላንደርስ፣ ከኢፕርና ከአራስ የሱፍ ጨርቅ ይመጣል፤ ከጄኖዋ፣ ከሲየናና ከሉካ የመጡት ጣሊያኖች ሐር፣ ቁንዶ በርበሬና የጨርቅ ማቅለሚያ ያወርዳሉ። ትሯና ፕሮቫን ከመካከለኛው ባሕር ወደ ሰሜን ባሕር በሚወስደው መንገድ እኩሌታ ላይ ስለነበሩ ሁለቱም ወገን ግማሹን መንገድ ሄዶ ይገናኛል።

የገበያው ሥርዓት ከሁሉ በላይ ያስደንቀኛል። የመጀመሪያው ሳምንት ዕቃ ማራገፊያና ዳስ መሥሪያ ነው። ከዚያ የጨርቅ ሽያጭ ይከፈታል። የጨርቁ ቀን ሲያልቅ የገበያው ወታደሮች «ሃር! ሃር!» እያሉ በመደዳው ይጮኻሉ፤ ጨርቅ ሻጩ ጥቅሉን ያነሣል፤ ተራው የቆዳ፣ ቀጥሎም በሚዛን የሚሸጠው ቅመማ ቅመምና ማቅለሚያ ይሆናል። የመጨረሻዎቹ ቀናት ለሒሳብ ብቻ ናቸው። ከሲየና የመጣ ነጋዴ በግንቦት ፕሮቫን ላይ የተበደረውን በበጋ ትሯ ላይ እከፍላለሁ ብሎ ይፈርማል፤ ወረቀቱ በገበያው ጠባቂዎች ማኅተም ይታሸጋል። ባለዕዳው ከጠፋ ጠባቂዎቹ ለመጣበት ከተማ ሹማምንት ይጽፋሉ። ሹማምንቱ አስይዘን አናስከፍልም ካሉ የዚያ ከተማ ነጋዴ ሁሉ ከሻምፓኝ ገበያዎች ይታገዳል። አንድ ሰው ዕዳ ክዶ አገሩን በሙሉ ከገበያ ያስወጣል ማለት ነው፤ ስለዚህ አገሬው ራሱ ባለዕዳውን ያሳድደዋል። በዚያ ዘመን መንገዱ የሽፍታና የኬላ መንገድ ነበር። በ1148 ወደ ፕሮቫን ይሄዱ የነበሩ የቬዝሌ ገንዘብ መንዛሪዎች በሳንስ ሹም ልጅ ሲዘረፉ ኮንት ቲቦ ለፈረንሳይ መንግሥት ባለአደራ ለአባ ሱዤ ጽፎ ካሣ ጠይቆላቸዋል። በ1209 ንጉሥ ፊሊጶስ አውግስጦስ በገዛ ግዛቱ አልፈው ወደ ሻምፓኝ ገበያዎች ለሚሄዱ ነጋዴዎች የንጉሥ ጥበቃ ሰጠ። የሻምፓኝ ስም የታመነው በዚህ ዓይነት ነው።

ገንዘቡም ስሙን ይዞ ዞረ። የፕሮቫን ሳንቲም ከመታመኑ የተነሣ የሮም ሸንጎ ሳይቀር እሱን የሚመስል ሳንቲም ቀርጿል። ሳንቲሙ ላይ ማበጠሪያ ተቀርጾበታል። አንዳንዶች የሱፍ ማበጠሪያ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ በስሙ ላይ የተሠራ ቅኔ ነው ይላሉ፤ በፈረንሳይኛ መስክ «ሻን»፣ ማበጠሪያ «ፔኝ» ነውና።

ወይኑስ? ወይን በዚያ ዘመንም ነበረ፤ ገበያተኛው ይጠጣዋል፤ በማርን ወንዝ ተጭኖ ወደ ፓሪስ ይወርዳል። ነገር ግን ሻምፓኝ ተብሎ አይጠራም ነበር። የወንዝ ወይን፣ የተራራ ወይን ወይም አይ በምትባለው የማርን መንደር ስም የአይ ወይን ይባላል፤ አረፋም የለውም። በዚያን ጊዜ አንድ የጄኖዋ ነጋዴ «ሻምፓኝ እሄዳለሁ» ቢል ሰሚው የሚያስበው ጨርቅና ሒሳብ ነው።

በ1277 የጄኖዋ መርከቦች በጅብራልታር ዞረው በቀጥታ ፍላንደርስ መድረስ ጀመሩ። በ1284 የሻምፓኝ ወራሽ ዣን የኋላውን ንጉሥ ፊሊጶስ 4ኛን አገባች፤ ግዛቱም ወደ ፈረንሳይ ዘውድ ተጠቃለለ። ንጉሡ ከፍላንደርስ ጋር ሲዋጋ የጨርቁ መንገድ ተቋረጠ፤ ትላልቆቹ የጣሊያን ነጋዴዎችም ቤታቸው ተቀምጠው በወኪል መነገድ ለመዱ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገበያዎቹ እየመነመኑ ሄዱ። አረፋማው ወይን የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ በ1728 ወይን በጠርሙስ ተጭኖ እንዲሄድ በንጉሥ ከተፈቀደ ወዲህ በማርን ያሉት የራንስና የኤፐርኔ ነጋዴዎች ስሙን ከአረፋው ጋር አያይዘው ዓለምን አዳረሱት። በ1790 ደግሞ የፈረንሳይ አብዮት አሮጌዎቹን ክፍለ ሀገሮች ሽሮ ሻምፓኝን ማርን፣ ኦብ፣ አርዴንና ላይኛው ማርን ብሎ ቆራረጠው። ስሙ ከመንግሥት ካርታ ጠፍቶ በጠርሙስ ላይ ብቻ ቀረ።

የ1908ቱ ድንጋጌ የሠራው በእነዚህ የአብዮት አውራጃዎች ወሰን ነው። መነሻው በቂ ምክንያት ነበረው። በማርን ያሉ አንዳንድ ነጋዴዎች ከሎዋርና ከደቡብ ፍሬ እያስመጡ ሻምፓኝ እያሉ ይሸጡ ነበር፤ ገበሬው በተባይና በመጥፎ አዝመራ ተጎድቶ ሳለ ዋጋው ወደቀበት። መስመር ያስፈልግ ነበር። የኦብ ሰዎች ግን ታሪክ ጠቅሰው ተከራከሩ፤ ሚያዝያ 1911 ትሯ ላይ በሺዎች ሆነው ተሰለፉ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ወሰኑን ወደማንሳት ሲያዘነብል በተራው የማርን ገበሬ ተነሣ፤ በአይ መንደር የነጋዴዎች ጓዳ ተሰበረ፣ ተቃጠለ፣ ወይኑ በመንገድ ፈሰሰ፣ ፈረሰኛ ጦር ገባ። ሁለቱም ወገን ድሃ ገበሬ ነበር። በእኔ እምነት የኦብ ሰው ክርክር የበለጠ እውነት ነበረው፤ ባር-ሱር-ኦብ የዐቢይ ጾሙን ገበያ ያስተናገደች፣ ለስሙ ክብር ዋጋ የከፈለች ከተማ ናትና። መንግሥት በዚያው ዓመት «ሻምፓኝ ሁለተኛ ዞን» የሚል ስም ሰጣቸው፤ ይህም እንደ ስድብ ተቆጠረ።

ጉዳዩ የተዘጋው በሐምሌ 1927 በወጣ ሕግ ነው፤ ኦብ ሙሉ ስሙን አገኘ። ከዚያ ወዲህ ስሙ እየጠበቀ ሄዷል። እኛ በሠርግና በምረቃ ቡሹ የሚፈነዳውን ሁሉ ሻምፓኝ ብንልም፣ በአውሮፓ ሕግ ግን ስሙ የዚያ መሬት ብቻ ነው። በስዊዘርላንድ ሻምፓኝ የምትባል፣ ስሟን ከዚያው የሜዳ ቃል ያገኘች መንደር አለች፤ አረፋ የሌለው የራሷን ወይን ከ2004 ጀምሮ በገዛ ስሟ መሸጥ ተከልክላለች። ከሻምፓኝ የወይን እርሻ ወደ ሩብ የሚጠጋው ዛሬ ኦብ ውስጥ ነው። የኦብ ገበሬ ለረጅም ዘመን ፍሬውን ለራንስና ለኤፐርኔ ትላልቅ ቤቶች ሲሸጥ ኖሯል፤ አሁን ግን ራሱ ጠምቆ የመንደሩን ስም «ሻምፓኝ» ከሚለው ቃል ጎን በጠርሙሱ ላይ የሚለጥፈው እየበዛ ነው።