የሦስት ዓመት እሑዶች

147,573,952,589,676,412,927። ይህን ቁጥር ጮክ ብሎ ለማንበብ የሚሞክር ሰው መሀል መንገድ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። በግዕዝ አኃዝ ልጻፈው ቢል ደግሞ ትልቁ ምልክት ፼ ነውና እልፍን በእልፍ ላይ መደራረብ ይኖርበታል። አፈጣጠሩ ግን ቀላል ነው፦ 67 ሁለቶችን እርስ በርስ ማባዛት፣ ከውጤቱም አንድ መቀነስ።

ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሴን በ1644 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዚህ መንገድ ከሚገኙት ቁጥሮች መካከል ብቸኛ የሆኑትን፣ ማለትም ከአንድና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸውን፣ ዘረዘረ። 67ም ከዝርዝሩ ገባ። ማስረጃ ግን አላቀረበም። ቃሉ እውነት ቢሆን ኖሮ አንድ አዲስ ፍጹም ቁጥር ይገኝ ነበር፤ እንደ 6 ያለ፣ ከእርሱ የሚያንሱት አካፋዮቹ (1፣ 2 እና 3) ተደምረው መልሰው እርሱኑ የሚሰጡ።

በ1876 ኤዷር ሉካ ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን አረጋገጠ። አካፋዮቹን ግን አላገኘም! እኔን ከታሪኩ ሁሉ አብልጦ የሚደንቀኝ ይህ ነው። በሩን ሳይከፍቱ በቤቱ ውስጥ ሰው መኖሩን ማወቅ ይቻላልን? ይቻላል። አንድን ቁጥር በራሱ ማባዛት፣ ሁለት መቀነስ፣ ውጤቱን ለሚመረመረው ቁጥር አካፍሎ ቀሪውን መያዝ፣ እንደገና መጀመር፤ በተወሰነው እርምጃ ዜሮ ካልመጣ ተመርማሪው ብቸኛ አይደለም።

በሩን የከፈተው አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል ነው። ኦክቶበር 31 ቀን 1903 ኒው ዮርክ ውስጥ በተደረገ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ ተነሥቶ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ የሁለትን 67ኛ ርቢ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አስልቶ አንድ ቀነሰ። ከዚያም በሌላው ወገን 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዛ። ሁለቱ ውጤቶች አንድ ሆኑ። ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ ጉባኤው አጨበጨበለት። ይህን የተረከልን ኤሪክ ቴምፕል ቤል ነው፤ ቤል ወግ ማሳመር የሚወድ ጸሐፊ ነውና ጭብጨባውን እንደ ወግ እንውሰደው። ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀበት ቢጠይቀው፣ ኮል የሦስት ዓመት እሑዶች ብሎ እንደመለሰለትም ጽፏል።

ሥራው በጭፍን መፈለግ አልነበረም። የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ ለ134 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል፤ ይህ ብቻ ብዙውን እጩ ይጥላል። ነገር ግን ትንሿ አካፋይ በዚህ ሰልፍ ውስጥ 1,445,580ኛዋ ናት፤ ሌላ የማጣሪያ ዘዴ ባይጨምር ኖሮ እሑዶቹ ባልበቁት ነበር።

ከመርሴን ዝርዝር 257ም በኋላ ወደቀ፤ 61ን፣ 89ንና 107ን ደግሞ መነኩሴው ዘልሏቸው ኖሯል። ቁጥሮቹ ግን ዛሬም በእርሱ ስም ይጠራሉ።