ሰደድ እሳት በጣሪያ ሥር፦ መሐንዲሶች ትልቅ አዳራሽ እንዴት እንደሚቃጠል ለማወቅ ለምን ዘገዩ?

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ስትሄዱ ሆለታን አልፋችሁ አዲስ ዓለም ትደርሳላችሁ። አፄ ምኒልክ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ዋና ከተማቸውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ነበር። አንዱ ዋና ምክንያት በአዲስ አበባ ዙሪያ የማገዶ እንጨት መመናመኑ ነው። በኋላ ግን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ችግሩን አቃለለውና ዕቅዱ ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ያ ባሕር ዛፍ ዛሬ ማገዶ ብቻ አይደለም። ከአዲስ ዓለም እስከ ጊንጪ፣ ከጊንጪ እስከ አምቦ የጭቃ ቤቱ ምሰሶና ማገር እሱ ነው፤ የብዙ ቆርቆሮ ጣሪያም ተሸካሚ እሱ ነው። ማገዶው ቤት ሆኗል ማለት ነው። እሳትን የሚያጠና መሐንዲስ ደግሞ አንድ ሕንፃ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ እዚህ ውስጥ ምን ያህል የሚቃጠል ነገር አለ?

አሁን አንድ መጋዘን አስቡ። ርዝመቱ 50፣ ስፋቱ 20፣ ከፍታው 6 ሜትር ነው እንበል። እህል በጆንያ ተደርድሯል። በአንዱ ጥግ እሳት ቢነሣ በሌላው ጫፍ ያሉት ሠራተኞች ስንት ደቂቃ አላቸው? ጣሪያውስ መጀመሪያ የሚወድቀው የት ጋ ነው? የእሳት ምሕንድስና ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሲመልስ የኖረው ከትናንሽ ክፍሎች በተገኘ ዕውቀት ነው።

ታሪኩን በከሰል ምድጃ እንጀምር። ቡና ሲፈላ ማራገቢያ የምናነሣው ለምንድን ነው? ከሰሉ ስላነሰ ሳይሆን አየሩ ስላነሰ ነው። ጃፓናዊው ኩኒዮ ካዋጎዬ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ክፍሎችን እያቃጠለ ሲለካ ያገኘው ይህንኑ ነው። እሳቱ ክፍሉን በሙሉ ከያዘ በኋላ ፍጥነቱን የሚወስነው በበርና በመስኮት የሚገባው አየር ነው። በእሱ ቀመር መሠረት 1 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ቁመት ያለው አንድ ክፍት በር በደቂቃ 15 ኪሎ ግራም ያህል እንጨት ያስቃጥላል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኮምፒውተር መጣ። በአሜሪካ የሃርቫርዱ ሃዋርድ ኤመንስና ባልደረቦቹ ክፍሉን በሁለት ንብርብር ከፈሉት፤ ከላይ ትኩስ ጭስ፣ ከታች ቀዝቃዛ አየር። ለመኝታ ቤት ጥሩ ይሠራል። ግን አንድ የተደበቀ ግምት አለበት፦ ጭሱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይሞቃል ይላል።

ትልቅ አዳራሽ ግን እንዲህ አያደርግም። እሳቱ አንዱን ቦታ በልቶ ይጨርስና ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ገበሬው ይህን ከድሮ ጀምሮ ያውቀዋል፤ በደረቅ ሣር ላይ ሲያየው ሰደድ እሳት ይለዋል። በኒው ዮርክ የዓለም ንግድ ማዕከል ሕንፃዎች ላይ የተደረገው ምርመራም እሳቱ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር እንደነበርና በአንድ ስፍራ ያለውን ነገር በ20 ደቂቃ ገደማ ይጨርስ እንደነበር አሳየ። ጊለርሞ ሬይንና ጄሚ ስተርን-ጎትፍሪድ እ.ኤ.አ. በ2012 ይህን «ተጓዥ እሳት» ወደ ስሌት አመጡት።

ልዩነቱ ለምን ያስጨንቃል? እሳቱ ገና ያልደረሰበት የብረት ተሸካሚ በጭሱ ቀስ በቀስ ሲሞቅ ይቆያል፤ ከዚያ ነበልባሉ ይደርስበታል። ብረት 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ከጥንካሬው ከግማሽ በላይ ያጣል። እኛም በ2007 ዓ.ም. የግንባታ ኮዶቻችንን የቀዳነው ከአውሮፓ ነው። በአውሮፓው ኮድ ውስጥ ያለው የታወቀው የክፍል እሳት ቀመር ደግሞ የሚሠራው ወለሉ ከ500 ካሬ ሜትር፣ ከፍታው ከ4 ሜትር ላልበለጠ ክፍል ነው። የእኛ መጋዘን 1000 ካሬ ሜትር ነው። በቃ፣ ከቀመሩ ውጭ ነን።

«ታዲያ ኮምፒውተሩ አይሠራውም?» ትሉ ይሆናል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2000 ኤፍዲኤስ የተባለ ፕሮግራም በነፃ ለቋል። አዳራሹን በትናንሽ ኩቦች ይከፍልና የአየሩን እንቅስቃሴ በእያንዳንዱ ውስጥ ያሰላል። መጋዘናችን በ10 ሳንቲ ሜትር ኩቦች ሲከፈል 6 ሚሊዮን ኩብ ይወጣዋል። የኩቡን ጎን በግማሽ ብታሳንሱት ሥራው 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። በላፕቶፕ የሞከረ ሰው ያውቀዋል፤ ቀናት ይፈጃል፣ መሀል ላይ መብራት ይሄዳል።

ትልቁ ችግር ግን ይህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በግላስጎው ዳልማርኖክ ሊፈርስ በተዘጋጀ ፎቅ ውስጥ ተመራማሪዎች አንድ ሳሎን አቃጠሉ። ከዚያ ቀደም ብሎ ለሌሎች ቡድኖች ሙሉ መረጃ ተሰጥቷቸው ውጤቱን እንዲተነብዩ ተጠይቀው ነበር። 10 ትንበያዎች መጡ፤ እርስ በርሳቸውም ከእሳቱም እጅግ ተራራቁ። አንድ ሳሎን ይህን ያህል ካስቸገረ መጋዘን ምን ሊያደርገን ነው? ፕሮግራሙ የአየሩን ጉዞ ያውቃል፤ ሶፋው እንዴት እንደሚቀጣጠል ግን የሚነግረው ሰው ይፈልጋል።

ለዚህ ነው ሥራው እኛ ዘንድም ያለው። የጤፍ ጭድ፣ በእህል የተሞላ ጆንያ፣ የደረቀ ባሕር ዛፍ በምን ፍጥነት እንደሚነድ የሚለካ ሚዛንና ቴርሞሜትር በአምቦም ሊኖር ይችላል። ያ ቁጥር ከሌለ የምናወጣው ባለቀለም ምስል ያማረ ግምት ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት ብዙ ነጋዴ ሜዳ ላይ ጥሏል፤ የመንገዱ ጥበትም የእሳት አደጋ ሠራተኞችን እንደፈተነ ተነግሯል። ልኬቱ እስኪደርስ ግን መጠበቅ የማያስፈልገው ነገር አለ። እሳት የሚጓዘው የሚበላው እስካገኘ ድረስ ነው። በክምሮች መካከል ሰፊ መተላለፊያ ተዉ፤ በመጋዘኑ ሁለት ጫፍ በር ይኑር፤ ሰው እየሠራ ሳለ ሁለተኛው በር አይቆለፍ።