የቡድን የጀብዱ ውድድር
የጀብዱ ውድድር የእግር ጉዞን፣ የተራራ ብስክሌትን፣ የታንኳ ቀዘፋንና በገመድ ከገደል መውረድን አጣምሮ የያዘ፣ በዱር፣ በተራራና በውኃ ላይ በቡድን የሚካሄድ፣ አንዳንዴም ሌት ተቀን ለቀናት የሚዘልቅ የጽናት ስፖርት ነው። ፈረንሳዊው ጋዜጠኛ ዤራር ፉዚ የመሠረተውና እ.ኤ.አ. በ1989 በኒውዚላንድ የተጀመረው ሬድ ጎልዋዝ የተሰኘው ውድድር ለዘመናዊው የጀብዱ ውድድር መሠረት ጥሏል። በታላላቆቹ ውድድሮች አንድ ቡድን ወንዶችና ሴቶች የተቀላቀሉበት አራት አባላት ሲኖሩት፣ ተወዳዳሪዎቹ ያለ ሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ፣ በካርታና በኮምፓስ ብቻ እየተመሩ፣ የመቆጣጠሪያ ነጥብ የሚባሉትን፣ ማለፋቸው የሚመዘገብባቸውን ቦታዎች ያዳርሳሉ። አባላቱ ተነጣጥለው መጓዝ ስለማይፈቀድላቸውና አንዱ ካቋረጠ ቡድኑ ሙሉ ደረጃውን ስለሚያጣ፣ ብርቱው የደከመውን ባልደረባ ጓዝ ይሸከማል፣ ብስክሌቱንም በሚለጠጥ ገመድ ይጎትትለታል። ስለዚህም ድል የሚገኘው ከግለሰብ ጉልበት ይልቅ በመደጋገፍ፣ ድካምን ሳይደብቁ በመናገርና እንቅልፍን በዘዴ በመመጠን ነው።