ደበበ እሸቱ

ደበበ እሸቱ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር ካፈራቸው አንጋፋ ተዋንያን አንዱ ነው።

በሆሊዉድ ሥራው ይበልጥ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው «ሻፍት በአፍሪካ» ነው። የኤም.ጂ.ኤም. ፊልም ሲሆን ዳይሬክተሩ ጆን ጊለርሚን፣ መሪ ተዋናዩ ሪቻርድ ራውንድትሪ ነበሩ። የኒው ዮርኩ የግል መርማሪ ሻፍት፣ አፍሪካውያንን ወደ ፈረንሳይ የሚያሻግር የባሪያ ንግድ መረብ ለመበጠስ ወደ ኢትዮጵያ ይመጣል፤ ከቀረጻው ከፊሉም የተካሄደው በዚሁ አገር ነው። ደበበ የተጫወተው ዋሳ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ነው። ታሪኩ በኢትዮጵያ ቢያልፍም የአሚሩን ልጅ አለሜን ሆና የሠራችው አሜሪካዊቷ ቮኔታ ማክጊ ነበረች፤ ለአገሬው ተዋናይ የተረፈው አነስተኛ ሚና ነው።

በ1997 ዓ.ም. ምርጫ የቅንጅት አመራር አባል ነበር። ከሌሎች የፓርቲው መሪዎች ጋር ታስሮ በ1999 ዓ.ም. ተፈታ፤ በ2003 ዓ.ም. ማብቂያ ዳግመኛ ታስሮ ተለቋል።

ከሻፍት አርባ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የእስራኤል ፊልም «ቀይ ቅጠሎች»፣ ዋናውን ሚና አገኘ። በትውልደ ኢትዮጵያዊው ባዚ ጌቴ ዳይሬክተርነት፣ ሚስቱ ሞታበት ቤቱን ሸጦ በየልጆቹ ቤት ለመኖር የተነሳ ግትር አዛውንት ሆኖ ተጫውቷል። የፊልሙ ንግግር በብዛት አማርኛ ነው።