ባሕርን የፈራ የተራራ ሕዝብ

በጥንቱ ዕብራይስጥ «ያም» ማለት ባሕር ነው፤ ምዕራብም ነው። ከይሁዳ ተራሮች ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ታላቁ ባሕር የሚገኘው በጀንበር መጥለቂያ በኩል ስለሆነ አንዱ ቃል ለሁለቱም በቃ። ባሕሩ በሩቅ ይታያል እንጂ አይገቡበትም ነበር። ዳርቻውን በደቡብ ፍልስጥኤማውያን፣ በሰሜን የጢሮስና የሲዶና ነጋዴዎች ይዘውታል፤ እስራኤላዊው በደጋው በግ ይጠብቃል፣ ወይን ይተክላል።

ሰሎሞን በዔጽዮንጋብር መርከቦች ባሠራ ጊዜ እንኳ ባሕር የሚያውቁ ሰዎችን የላከለት የጢሮሱ ንጉሥ ኪራም ነው። ከኦፊር ወርቅ መጣ። በኋላ የይሁዳው ኢዮሣፍጥ ይህንኑ ሊደግም ሞከረ፤ መርከቦቹ ጉዞ ሳይጀምሩ እዚያው ተሰባበሩ። ዮናስም ከኢዮጴ የሸሸው በባዕዳን መርከብ ነበር፤ ማዕበሉ ሲነሣ መርከበኞቹ እያንዳንዳቸው ወደ አምላካቸው ጮኹ።

ፍርሃቱ ግን መርከብ ካለማወቅ ብቻ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ በሶርያ ራስ ሻምራ በተካሄደ ቁፋሮ የጥንቷ የኡጋሪት ከተማ የሸክላ ጽላቶች ወጡ። በእነዚህ ጽሑፎች ያም አምላክ ነው፤ በኣል ተዋግቶ ይጥለዋል። ሎታን የሚባል እባብም አለ፤ የመጽሐፍ ቅዱሱ የባሕር አውሬ የሌዋታን የስም ዘመድ መሆኑ ነው። መጽሐፈ ኢዮብ ይህን አስፈሪ ባሕር ምን እንዳደረገው ማየት ደስ ይላል፦ አሁን የተወለደ ሕፃን አድርጎ በደመና ጠቀለለው፣ በርና መወርወሪያም አበጀለት።

በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ግቢ ደግሞ ማዕበል የሌለው ባሕር ቆሞ ነበር። በናስ የተሠራ ትልቅ የውኃ ማጠራቀሚያ ነው፤ ስሙ ግን በዕብራይስጡ ያው «ያም» ነው። ከዳር እስከ ዳር 10 ክንድ፣ ቁመቱ 5 ክንድ ሲሆን 12 የናስ በሬዎች ተሸክመውት ካህናቱ ይታጠቡበት ነበር። ንጉሥ አካዝ ከበሬዎቹ ላይ አውርዶ በድንጋይ ላይ አስቀመጠው። በመጨረሻ ባቢሎናውያን ሰባብረው ናሱን ወሰዱት።

በወንጌል የምናገኘው የገሊላ ባሕር በእርግጥ ሐይቅ ነው፤ ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ጣና ዳር ያለችውን ከተማ ባሕር ዳር ያለ ሕዝብ በዚህ አይደነቅም። ሉቃስ ግን በግሪክኛው «ሐይቅ» ብሎ ነው የጻፈው፤ እውነተኛውን ባሕር ያውቀዋልና። የእርሱ ነው በሚባለው በሐዋርያት ሥራ ጳውሎስን የጫነችው መርከብ 14 ሌሊት በማዕበል ስትናጥ፣ አራት መልሕቅ ከኋላ ሲጣል፣ በመጨረሻም 276ቱ ሰዎች በሙሉ ማልታ ደሴት ላይ ሲተርፉ እናነባለን።

የዮሐንስ ራእይ ስለ አዲሱ ምድር ሲናገር ባሕር ከእንግዲህ የለም ይላል። ዮሐንስ ራእዩን ያየው ፍጥሞ በምትባል ደሴት ሆኖ ነው፤ ዙሪያዋ ሁሉ ባሕር ነው።